ካናዳ ቀርባ ባሕር ዳር ስትርቅ

አክስቴ የምትኖረው ዘጌ ነው። ቡናው ጥቅጥቅ ካለበት፣ ጣና በቅጠል መሃል ብልጭ ድርግም እያለ ከሚታይበት ጥግ። በቀደም ልጠይቃት ሄጄ ቶናው ላይ ስንደርስ ሲኒዋን አስቀመጠችና፣

«አንተ ልጅ፣ መቼም ተምረሃል» አለችኝ። «ካናዳ ያለው ልጄ ሲደውል አጠገቤ የተቀመጠ ይመስል ጥርት ብሎ ይሰማኛል። እዚህ ማዶ ባሕር ዳር ያለችው እህቱ ግን ‹ሃሎ፣ ሃሎ› እያለች ትቆራረጥብኛለች። የከተማው መብራት እኮ ማታ ማታ ከዚህ ይታየኛል! ምን ይሉታል ይሄን?»

«ኔትወርክ ነው» አልኳት።

«እሱንማ እኔስ መች አጣሁት» አለችኝ።

እውነቷን ነው። «ኔትወርክ ነው» ማለት «አመመኝ» እንደማለት ነው። ራስ ይሁን ሆድ፣ አይናገርም። ያን ቀን በደንብ ሳልመልስላት ጀልባው ደረሰና ተነሣሁ። መልሱ ይኸውና። ትንሽ ረዘም ይላል።

ከስሙ እንጀምር። «ቴሌ» የግሪክ ቃል ነው፤ ሩቅ ማለት ነው። «ኮሙኒኬሽን» ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ መጋራት ነው። ቴሌኮሙኒኬሽን እንግዲህ በሩቅ ሆኖ መጋራት ነው። እኛ ጋ ግን «ቴሌ» የመሥሪያ ቤት ስም ሆኖ ቀረ። «ቴሌ ሄጄ መጣሁ» የሚል ሰው በግሪክኛው «ሩቅ ሄጄ መጣሁ» ማለቱ ነው፤ ቢሮው ከቤቱ ጀርባ ቢሆንም። «ስልክ» የሚለው ደግሞ ይበልጥ ያስቀኛል። ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ዕቃ ሽቦ የለውም፤ ስሙ ግን ሽቦ ነው። ስሙ ያረጀ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም ልክ ነው፤ ኋላ እንመጣበታለን።

ሐሳቡ ራሱ አዲስ አይደለም። በጣና ገዳማት የድንጋይ ደወል አለ። ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሎ በሌላ ድንጋይ ሲመታ ያቃጭላል። ጎህ ሲቀድ፣ ውኃው ላይ ያለው አየር ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ድምፁ ወደ ላይ አይበተንም፤ ወደ ሐይቁ እየታጠፈ ሩቅ ይሄዳል። ያ ቴሌኮሙኒኬሽን ነው። ላኪ አለ፣ መንገድ አለ፣ ተቀባይ አለ። ደግሞም ሁለቱም ወገን አስቀድሞ የሚያውቀው ትርጉም አለ። ነጋሪትም ያው ነው።

ችግሩ ደወል የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኑ» ይላል። «ስትመጡ በርበሬ ያዙ» አይልም። ሌላው ችግር ድምፅ ዝግተኛ ነው። በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ከዘጌ ባሕር ዳር በሐይቁ በኩል 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ የደወሉ ድምፅ ሳይጠፋ ቢደርስ እንኳ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ይህችን ግማሽ ደቂቃ ያዙልኝ።

ነገሩን የለወጠው ኤሌክትሪክ ነው። ሳሙኤል ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1844 ከዋሽንግተን ባልቲሞር በሽቦ መልእክት ላከ፤ ፊደሉ ነጥብና ሰረዝ ነበር። በ1876 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን የፈጠራ መብት አስመዘገበ። እኛም ብዙ አልዘገየንም። ስልክ ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1894፣ አፄ ምኒልክ ከሐረር አዲስ አበባ የሚዘረጋውን 477 ኪሎ ሜትር መስመር አስጀመሩ። ሽቦው መጣ፣ ሽቦ የሚለው ስምም አብሮ ቀረ።

አሁን አክስቴ «ሃሎ» ስትል ምን እንደሚሆን እንከተል።

ስልኳ ድምፅዋን አይልከውም። ይለካዋል። በተለመደው የስልክ አሠራር የድምፁ ከፍታና ዝቅታ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልክ በስምንት ዜሮና አንድ በተሠራ ቁጥር ይጻፋል። ይህ በሰከንድ 64,000 ዜሮና አንድ ይሆናል። ሞባይል ይህን ሁሉ አየር ላይ አይጭንም፤ ጨምቆ ወደ 12 ወይም 13 ሺህ ያወርደዋል። ማዶ ያለው ስልክ ቁጥሩን ተቀብሎ ድምፁን እንደገና ይሠራዋል። እናታችሁን በስልክ ስትሰሙ፣ የምትሰሙት በእሷ ልክ አዲስ የተሰፋ ድምፅ ነው። «ትቆራረጣለች» የምንለውም ከቁጥሮቹ የተወሰኑት መንገድ ላይ ጠፍተው ስፌቱ ሲተረተር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ስልክ ሲሠራ ጀምሮ የድምፅን ቀጭን ክፍል ይቆርጣል። የድሮው ልማድ ከ3,400 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ3,400 ንዝረት፣ በላይ ያለውን አያሳልፍም። የ«ሰ» ፉጨት ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው። ለዚህ ነው በስልክ «ሰ» እና «ፈ» የሚምታቱት። ስልሳና ሠላሳማ በአካልም ያጣላሉ፤ በስልክ ሲሆን ባሰ። ነጋዴዎቻችን «ስድሳ» ማለት የሚመርጡት ዝም ብሎ አይደለም። በኪሎ ስልሳ ብር የተባለውን ሠላሳ ብሎ የሰማ ሰው ያውቀዋል።

ቁጥሩ ከተሠራ በኋላ ስልኩ በሬዲዮ ሞገድ ጭኖ ወደ ታወሩ ይወረውረዋል። ሬዲዮ ሞገድ ከብርሃን ጋር አንድ ዘር ነው፤ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከብርሃን የሚለየው፣ ሬዲዮ ለዓይን አይታይም፤ እንጨትና ጭቃ ግድግዳም በመጠኑ ያልፋል። ብረት ግን አያልፍም።

እዚህ ላይ የአክስቴን ምስማር ላሳያችሁ። መስኮቷ አጠገብ አንድ ምስማር አለ። ስልኳን በትንሽ ሙዳይ አድርጋ እዚያ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ስትደውልም ጆሮዋን ወደዚያ አስጠግታ ነው። ስልኩን ከምስማሩ ግማሽ ስንዝር ወደ ግራ ብትወስደው መስመሩ ይዳከማል። ጎረቤት ይስቅባታል። «የምስማር ቃልቻ» ይሏታል። እኔም ስቄያለሁ፤ ሳይገባኝ።

ነገሩ ፊዚክስ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 900 ሚሊዮን ንዝረት፣ የሚሠራ ስልክ ሞገዱ ከጫፍ ጫፍ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከክንድ ያንሳል። ከታወሩ የሚመጣው ሞገድ ደግሞ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። አንዱ በቀጥታ ይመጣል። አንዱ ከሐይቁ ውኃ ላይ ነጥሮ ይመጣል። አንዱ ከጎረቤት ቆርቆሮ ተላትሞ ይመጣል። ሁለት ሞተር ጀልባ ሲተላለፉ ያስነሡት ማዕበል ሲገናኝ አይታችኋል? አንዳንዱ ቦታ ላይ ማዕበሉ ተደራርቦ ከፍ ይላል፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ተጣፍቶ ውኃው ጸጥ ይላል። በአክስቴ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው። ከፍ ካለበት ቦታ ጸጥ ወዳለበት ለመድረስ የሞገዱ ሩብ ይበቃል፤ ስምንት ሳንቲ ሜትር። ምስማሯ የተመታችው ማዕበሉ ከፍ ያለበት ላይ ነው። በዕድል ሳይሆን በብዙ «ሃሎ፣ ሃሎ» ፈልጋ ያገኘችው ነው። መስመር ሲጠፋ ሁለት እርምጃ ወዲያና ወዲህ የምንለው ነገር ስለዚህ እብደት አይደለም።

ዘጌ ሌላም ጣጣ አለባት። ቅጠል ውኃ ያዘለ ነገር ነው፤ ውኃ ደግሞ ሞገድ ይውጣል። ክረምት ላይ ቡናውና ዛፉ ሁሉ ሲረጥብ መስመሩ ይብስበታል።

ሐይቁስ? ሐይቅ ለሬዲዮ ወዳጅም ጠላትም ነው። ተራራ የለ፣ ሕንፃ የለ፤ ሞገዱ ሜዳ አግኝቶ ይጋልባል። ግን መሬት ክብ ናት። ባሕር ዳር ዳርቻው ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ዓይኑ ከውኃው በላይ አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ፣ የውኃው ጠርዝ ያለው ከአራት ኪሎ ሜትር ተኩል በታች ነው። ታንኳ ከዚያ አልፋ ስትሄድ መጀመሪያ ደንገሉ ይሰወራል፤ የቀዛፊው ራስ ትንሽ ይቆያል። ሬዲዮም በዚህ ሕግ ይገዛል፤ ትንሽ ጎበጥ ይልለታል እንጂ። 40 ሜትር ቁመት ያላቸው ሁለት ታወሮች በውኃ ላይ ሊተያዩ የሚችሉት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተራርቀው ነው። ከባሕር ዳር ጎርጎራ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ታወሩ ሜዳ ላይ ከሆነ አይበቃም፤ ኮረብታ ይፈለጋል። ደግሞ ከውኃው ላይ የሚነጥረው ሞገድ አለ። የምስማሩ ዓይነት መጣፋት ትልቅ ሆኖ በታወርና በታወር መካከልም ይከሰታል።

ሐይቁ መሃል የሚገርም ነገር ሊገጥማችሁ ይችላል። ስልኩ መስመር ያሳያል፤ ስትደውሉ ግን አይሄድም። በሁለተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ፣ ማለትም በተለምዶ ቱጂ በምንለው፣ አንድ ታወር ሰዓቱን ለስምንት ተራ ይከፍለዋል። እያንዳንዱ ስልክ በተራው ብቻ ይናገራል፤ ተራው ከሺህ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ስልኩ በጣም ሩቅ ከሆነ ቃሉ ዘግይቶ ይደርስና በሌላው ተራ ላይ ይወድቃል። ታወሩ ይህን እያሰላ «አንተ ቀደም ብለህ ተናገር» ይለዋል። ግን የማስተካከል አቅሙ የሚደርሰው እስከ 35 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ የታወሩ ድምፅ ለስልኩ ቢሰማም፣ የስልኩ መልስ ከተራው ውጪ ነው። ሰው እንደሚሰማ፣ ግን እንደማይደመጥ ማለት ነው።

ተራ ሲባል፣ ተራው የተቆጠረ ነው። ጥምቀት ላይ ባሕር ዳር ሕዝቡ አንድ ሜዳ ላይ ሲሰበሰብ ስልክ እምቢ የሚለው ታወሩ ስለተበላሸ አይደለም። ተራው ስላለቀ ነው። ያን ጊዜ ከመደወል ቴክስት መላክ ይሻላል። ቴክስት ተራ ይዞ አይቀመጥም፤ በትንሿ ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል።

አሁን የአክስቴ «ሃሎ» ታወሩ ጋ ደርሷል። ከዚህ በኋላ ወደ ስሙ እንመለስ፤ ወደ ሽቦው። ታወሩ ላይ ከበሮ የመሰሉ ነጫጭ ክብ ነገሮች አይታችሁ ይሆናል። እነሱ ወደ ሌላ ታወር በሬዲዮ ያሻግራሉ። ትልልቁ መንገድ ግን መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ሽቦው አሁን መዳብ አይደለም፤ መስታወት ነው። ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የመስታወት ክር። በውስጡ ብርሃን እየበራና እየጠፋ ዜሮና አንዱን ይሸከማል። ብርሃኑ ከክሩ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚሄድ መንገዱ ቢታጠፍም አያመልጥም። ቻርለስ ካኦ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1966 «መስታወቱ በደንብ ከጠራ ይሆናል» ብሎ በጥናት አሳየ። በ2009 በዚሁ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

እኛ የባሕር በር የለንም፤ የመስታወቱ መንገድም ያንኑ ያስታውሰናል። ወደ ውጪ የሚሄደው መስመር በጎረቤት አገር በኩል፣ በተለይ በጅቡቲ፣ ወደ ባሕር ይወርዳል። ከዚያ በባሕር ወለል ላይ ይተኛል። ብዙ ሰው «የውጭ ስልክ በሳተላይት ነው» ይላል። ድሮ ብዙው እንዲያ ነበር። ዛሬ በአህጉራት መካከል ከሚመላለሰው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚሄደው በባሕር ሥር ገመድ ነው። የድሮዎቹ የስልክ ሳተላይቶች ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ናቸው። ወጥቶ መውረዱ ሩብ ሰከንድ ይወስዳል፤ ጥያቄና መልስ ሲሆን ግማሽ ሰከንድ። ድሮ ከውጭ ሲደወል «ሃሎ» ብለን ዝም ብለን የምንጠብቀው፣ ከዚያ ሁለታችንም አንድ ላይ ተናግረን አንድ ላይ ዝም የምንለው ለዚህ ነበር።

በመስታወት ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከዘጌ እስከ ካናዳ ገመዱ ዞሮ ዞሮ 15,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን እንኳ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በታች ነው። በየመንገዱ የሚቀባበሉት መሣሪያዎች ትንሽ ይጨምሩበታል። ያቺን ያስያዝኳችሁን ግማሽ ደቂቃ አሁን አውጧት። የዘጌ ደወል ባሕር ዳር እስኪደርስ የአክስቴ «ሃሎ» ካናዳ መቶ ጊዜ ደርሶ ይመለሳል።

ለአክስቴ ጥያቄ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። በአሁኑ ቴሌኮሙኒኬሽን ሩቅ የሆነው መንገድ ቀላሉ ነው። መስታወቱ በቀላሉ አይደክምም፤ ውቅያኖስም አያሳስበው። ከባዱ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ አየር ላይ ያለው። አንዳንዴም የመጨረሻው ሁለት ሜትር።

ስለዚህ «ኔትወርክ የለም» ስንል የትኛው ቦታ ላይ ነው የጠፋው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ከጎናችሁ ያለ የሌላ ሰው ስልክ፣ ያው መስመር ሆኖ፣ የሚሠራ ከሆነ ጣጣው ስልካችሁ ወይም ሲማችሁ ነው። የሁሉም ከጠፋ ታወሩ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪው ለጥቂት ሰዓት ይይዘውና ያልቃል። ሰፈሩ ሁሉ መስመር እያሳየ ኢንተርኔት ብቻ ከሌለ ችግሩ ከታወሩ ጀርባ ነው፤ ምናልባት ቁፋሮ ገመድ በጥሶ። ሰው ሲዘጋውም እንዲሁ ይመስላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲዘጋ ታወሮቹ ቆመው ነበር፤ መብራታቸውም ይበራ ነበር።

ቴሌብርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በአፑ ከሆነ ዳታ ይፈልጋል። *127# ተብሎ ሲደወል ግን ዳታ አያስፈልገውም፤ ቴክስት በሚሄድባት በዚያች ትንሽ ቀዳዳ ነው የሚያልፈው። አክስቴ የቡናዋን ዋጋ በፊት ገበያ ወስዳ ነበር የምትሰማው፤ ከተሸከመች በኋላ ደግሞ «መልሼ አልወስደውም» ብላ በሰጧት ትሸጥ ነበር። አሁን መጀመሪያ ልጇን ትጠይቃታለች፤ ዋጋው ካላማራት ቡናው ከጎተራ አይነሣም። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልጋት ግልጽ ድምፅ ነው። ስልሳና ሠላሳ የሚለይ።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ካናዳ ያለው ወንድሟ ቤቱ ውስጥ ዋይፋይ አለው፤ የእሱ ጫፍ ደህና ነው። የእናትየው ጫፍ ደግሞ በሁለቱም ጥሪ ያው ምስማር ነው። የሚቀረው የባሕር ዳሩ ጫፍ ብቻ ነው። በማግስቱ ሥራ ቦታዋ ሄድኩ። ገበያው አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ነው የምትሠራው። እናቷ ስትደውል ጫጫታ ሽሽት ወደ ኋላ መጋዘኑ ትገባለች። መጋዘኑ ኮንክሪት ግድግዳ አለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ በሩም ብረት ነው። እስከ ጣሪያው ድረስ ደግሞ የዘይት ቆርቆሮ ተደርድሯል። ሞገድ እንዳይገባ ሆን ብሎ የሠራው ሰው እንኳ ከዚህ የተሻለ አይሠራም።

ስልኳን ተቀብዬ ገባሁ፤ መስመር ከሚያሳዩት ዘንጎች አንዲት ብቻ ቀረች። ወደ በሩ ወጣሁ፤ አራት ሆነች። ስድስት እርምጃ አይሞላም።

«እስኪ እዚህ ቆመሽ ደውይላት» አልኳት።

ደወለች። አክስቴ ከምስማሯ ሥር አነሣችው። ድምፅዋ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«ውይ ልጄ! ዛሬ ምን ተገኘ? ጥርት ብለሽ ተሰማሽኝ» አለች። ትንሽ ዝም አለችና፣ «ግን ምንድነው ይሄ ሁሉ የባጃጅ ጥሩምባ? እስኪ ወደ ውስጥ ግቢ።»